መፈለጊያው «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» እያለ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ትንሽ የኢንተርኔትና የፕሪንት ቤት አለኝ። ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ሞልተውኛል። ግን ገና ፍለጋ ሲጀምሩ «ከኔትወርክዎ ያልተለመደ ትራፊክ አይተናል» የሚል ገጽ ይመጣል። ከዚያ ከሥዕሎቹ የትራፊክ መብራት ምረጥ፣ አውቶቡስ ምረጥ፣ የእሳት አደጋ ቧንቧ ምረጥ። ግማሹ ደንበኛ ያ ቀይ ቧንቧ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። በስልኬ ዳታ ግን ይሠራል።

የአዘዞው፦
በዳታ ከሠራ ችግሩ አይፒ አድራሻው (መስመርህ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ላይ ነው። ማሽኖችህ በሙሉ በአንድ ራውተር ስለሚወጡ ውጭ ላለው የመፈለጊያው ሰርቨር ሁላችሁም አንድ ሰው ናችሁ። አንዱ ማሽን በፕሮግራም ጥያቄ ካዘነበ ሌላውም አብሮ ይታገዳል። በደረቁ እርጥቡ ሲነድ ማለት ይኼ ነው።

ቀበሌ 10፦
ራውተሩን አጥፍተህ አብራ፣ አለቀ።

የአዘዞው፦
አድራሻው ሲበራ የሚቀየር ከሆነ ነው እንጂ ሁሌ አይሠራም። ገጹን ደጋግሞ ሪፍሬሽ ማድረግም ያባብሳል።

እህተ ፋሲል፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማሽኖቹን አንድ በአንድ እይ። ነፃ ቪፒኤን (መስመርህን በሌላ ቦታ አዙሮ የሚያወጣ ፕሮግራም) ወይም የማታውቀው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ካለ ንቀለው። አንዳንዶቹ «ነፃ» የሚባሉት ያንተን መስመር ለሌላ ሰው ያከራዩታል፤ የማታውቀው ሰው ሮቦት በአንተ አድራሻ ሲፈልግ ይውላል። አንቲቫይረስ አስኪድ። የዋይፋይ ፓስወርዱንም ቀይር፣ ጎረቤት ሁሉ ሳይዘው አይቀርም።

ፒያሳ፦
እሷ ያለችውን አድርግ። ካልለቀቀ ራውተሩ ውስጥ ግባና «ዋን» (WAN፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) የሚለው ላይ ያለውን አድራሻ እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የውጭ አድራሻህን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራለህ። የአይፒቪ4 (የቆየው የአይፒ ዓይነት) አድራሻ በዓለም ላይ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ያካፍሉታል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከአንተ ቤት ላይሆን ይችላል።

የማራኪ ልጅ፦
አመሰግናለሁ እህቴ፣ በር አጠገብ ያለው ማሽን ላይ ነፃ ቪፒኤን አገኘሁ፣ ነቅየዋለሁ። ገጹ አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ዋን ላይ ግን 100.72 ይላል።

ፒያሳ፦
እንግዲያው አቅራቢህን የራስህ ቋሚ አይፒ ጠይቅ፣ ክፍያ ይኖረዋል። እስከዚያ ለተማሪዎቹ ሌላ መፈለጊያ፣ ዳክዳክጎ ወይም ቢንግ ክፈትላቸው።

የማራኪ ልጅ፦
ዳክዳክጎን ከፍቻለሁ፣ እየሠሩ ነው። ዋጋውን ነገ ጠይቄ እዚሁ እጽፋለሁ።