መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ የላብ ኮምፒውተሮች ወደ ሰርቨሩ አልገባ አሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የአይሲቲ መምህርት፣ ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰርቨራችን ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ነው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ኤክስፒ ናቸው። ሁሉም በአንድ ዶሜይን ሥር ናቸው፤ ማለትም የተማሪውን የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው ሰርቨሩ ነው።

ሰሞኑን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰርቨሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘነው። በእጅ አስተካከልነው። ከዚያ ወዲህ ግን ተማሪ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ «በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል የቀን ወይም የሰዓት ልዩነት አለ» የሚል መልእክት ይመጣል። አሁን ሰርቨሩ ፊት ቁጭ ብያለሁ። ጥጉ ላይ 2:45 ይላል፣ የእጅ ሰዓቴም 2:45 ነው። ቀኑ 3/10/2018 ይላል፤ ዛሬ ኅዳር 10 ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ሌላም አለ። የመምህራን ማርክ ሊስት ያለው እዚሁ ሰርቨር ላይ ነው። በዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ ሼር ፎልደሩን ልከፍት ስሞክር እምቢ አለኝ። «ፎርማት አድርጊውና ገላገይ» የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ማርኩ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ፣ ሰርቨሩ አልተበላሸም። ፎርማት የሚባለውን እርሺው።

የእጅ ሰዓትሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰርቨሩ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ከጠዋቱ 2:45 ለእሱ 8:45 ነው። 3/10/2018ን ደግሞ ማርች 10 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። ዛሬ በእነሱ ኖቬምበር 19 ቀን 2025 ነው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ባትሪያቸው ደህና ከሆነ ትክክለኛውን ቀን እንደያዙ ናቸው። ስለዚህ ከሰርቨሩ ጋር ከሰባት ዓመት በላይ ተራርቀዋል። ዶሜይኑ መግቢያ የሚፈትሽበት ኬርበሮስ የሚባለው አሠራር ደግሞ የሚታገሠው 5 ደቂቃ ነው። ያን ያህል የጠበበው ሌላ ሰው የመግቢያ መረጃ ጠልፎ ቆይቶ እንዳይጠቀምበት ነው።

መጀመሪያ ታይም ዞኑን እዪ። «ናይሮቢ» የሚለው፣ ጂኤምቲ ሲደመር 3 መሆን አለበት። ሰዓቱ የእኛን እንዲያሳይላቸው ብለው ዞኑን የሚቀይሩ አጋጥመውኛል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ትክክል መስሎ ውስጡ ይሳሳታል። ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጅ አስገቢ። ቀጥለሽ የተማሪዎቹን ኮምፒውተሮች አጥፍተሽ አስነሺ። አሁንም እምቢ ያለ ካለ፣ መግቢያው ላይ «ሎግ ኦን ቱ» ከሚለው ዶሜይኑን ትተሽ ራሱን ኮምፒውተሩን ምረጪ። በራሱ አድሚን ገብተሽ ቀኑን አስተካክይ።

ሥሩ ግን ባትሪው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ አልቃለች። ቁጥሯ አብዛኛውን ጊዜ 2032 ነው፤ የድሮዋን ይዘሽ ሂጂና አመሳስለሽ ግዢ። ከመንቀልሽ በፊት የባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ሴቲንግ) ገጾች በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ሰርቨሩን አጥፊ፣ የመብራት ገመዱንም ንቀይ። ባትሪው ካልተቀየረ መብራት በሄደ ቁጥር እዚሁ ትመለሻለሽ።

መልስ፦ የቀድሞ ተማሪ፣ ወልድያ

ቲቸር፣ የሼር ፎልደሩን ነገር እኔ ልንገርዎት። ሰርቨር 2003 እና ኤክስፒ ፋይል የሚለዋወጡት በድሮው ኤስኤምቢ 1 ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በፈረንጅ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በወጡት ቅጂዎቹ እሱን ሳይጭን ነው የሚመጣው። ኮንትሮል ፓናል፣ ፕሮግራምስ፣ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ይግቡና ኤስኤምቢ 1ን ያብሩት። ወዲያው ይከፍትልዎታል።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ ያለው እውነት ነው፣ ይከፍታል። ግን አብርተሽ እንዳትተዪው። በፈረንጅ በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተስፋፋው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። የሰርቨር 2003 ድጋፍ የተቋረጠው በፈረንጅ በ2015፣ የኤክስፒ በ2014 ነው። የዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 2025 አብቅቷል።

እኔ ብሆን ኤስኤምቢ 1ን አልነካም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጌ ቀጥታ ሰርቨሩ ላይ እሰካለሁ። የተማሪ ፍላሽ ግን አይሰካ፤ ከላቡ ቫይረስ ይዞ ይገባል። ኤክስተርናል ከሌለሽ በኤስኤምቢ 1 ሥር ካሉት ክላየንት የሚለውን ብቻ አብሪ። ላፕቶፑንም ሰርቨሩንም ከኢንተርኔት ነቅለሽ ቅጂ፣ ስትጨርሺ መልሰሽ አጥፊው። ሰርቨሩን ከዚያ በኋላም ኢንተርኔት ላይ አትመልሺው።

አንድ ነገር አደራ። ቀኑ በተዛባበት ሰሞን ሴቭ የተደረገ ማርክ ፋይሉ ላይ ማርች 2018 ተብሎ ነው የተመዘገበው። በቀን ደርድረሽ «አዲሱን ልውሰድ» ካልሽ፣ የትናንቱ ከአምናው በታች ይገኛል። «ሪፕሌስ ላድርግ?» ሲልሽ ቀኑን አይተሽ እሺ አትበዪ። ሁለቱንም ክፈቺና የተማሪዎቹን ውጤት አስተያዪ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ ሐይቅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ኑሩልኝ! ዞኑ ደህና ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ቀይሬ ኮምፒውተሮቹን ሳስነሳ ተማሪዎቹ ገቡ። ሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ ቀሩ፤ እነሱንም በራሳቸው አድሚን ገብቼ አስተካከልኳቸው። ባትሪውን ለመግዛት ቅዳሜ ደሴ እወርዳለሁ። ማርክ ሊስቱንም በኤክስተርናል አወጣሁት። አሁን ግን ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው ቁጥሩ ደህና ሆኖ የተማሪዎቹ ስም የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነብኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ደሴ

አልተበላሸም። ስሙ የተጻፈው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ይመስለኛል፤ ያ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ወይም አንዱ ኤክስፒ ላይ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ክፈቺና የግዕዙን ፎንቶች ቅጂ። ላፕቶፑ ላይ ጫኛቸው፣ ስሙ ይመለሳል። ስሙን እንደገና ልጻፍ እንዳትዪ። ፎንቱ ሲገባ አንዱን ቅጂ ፒዲኤፍ አድርገሽ ለሬከርድ ቢሮ ስጪ፤ ፎንት በሌለው ኮምፒውተርም ይነበባል።