«ቴክኖሎጂ ይሸመታል እንጂ አይለመንም»፦ እስከ እኩለ ሌሊት የዘለቀ የኢንተርኔት ክርክር

የጨርቆስ ልጅ፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ አንድ እንግዳ «በ2027 ኮፕ 32 (የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ) አዲስ አበባ ሲካሄድ የአየር ንብረት ቴክኖሎጂውም አብሮ ይመጣል» ሲሉ ሰምቼ እራቴ አነቀኝ። አብሮ ይመጣል? በልዑካኑ ሻንጣ ነው ወይስ በጭነት አውሮፕላን? የበለጸጉት አገሮች ቴክኖሎጂ እናስተላልፋለን፣ ገንዘቡንም እናቀርባለን ብለው የፈረሙት በ1992 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 4(5) ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ድርድሩም የእነሱ ነው።) ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጉባኤዎች፦ ማራካሽ 2001፣ ካንኩን 2010፣ ፓሪስ 2015፣ ዱባይ 2023፣ ቤሌም 2025። በየከተማው አንድ ኮሚቴ ወይም አንድ መርሐ ግብር ተወለደ፤ ክርስትና ተነሣ፤ ስም ወጣለት። ቤሌም ላይ የጸደቀው «የቴክኖሎጂ ትግበራ መርሐ ግብር» ይባላል። ሳይተገበር የቆየ ነገር መኖሩን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ይህ ዕዳ ነው። ሰማዩን በጭስ የሞሉት እነሱ ናቸው፤ ዕዳ ደግሞ በመርሐ ግብር አይከፈልም።

ነጋዴው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ እራትህን ጨርስ። እኔ ከጓንግዡ የፀሐይ ፓኔል ሳስገባ ዓመታት ተቆጠሩ፤ አንድም ጊዜ የጉምሩክ ሰው አንቀጽ 4 አምጣ ብሎኝ አያውቅም። የሚጠየቀው ዋጋ፣ ቀረጥና የውጭ ምንዛሪ ነው። ከ2010 እስከ 2020 የፓኔል ዋጋ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ የወረደው ተደራዳሪ ሌሊቱን ሙሉ በረቂቅ ጽሑፍ ቅንፍ ስለተጨቃጨቀ አይደለም፤ የቻይና ፋብሪካዎች ስለተሽቀዳደሙ ነው። ቴክኖሎጂ ይሸመታል እንጂ አይለመንም።

የጨርቆስ ልጅ፦
ያበደረ ሰው በር ሲያንኳኳ ለማኝ ይባላል? ጥሩ ነው፤ ቋንቋችንን በአንድ ምሽት አሻሻልከው።

መካኒኩ፦
ጋራዥ አለኝ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ይህችን «ይሸመታል» የምትል ቃል ልጨብጣት።

ባለፈው ወር አንዲት መኪና በገመድ ተጎትታ መጣች። ባትሪዋ ግማሽ ያህል አለው፤ አትነሣም። ሰሌዳዋ ላይ ቀይ ምልክትና ሁለት መስመር የቻይንኛ ጽሑፍ አለ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አስተረጎምኩት፤ «እባክዎ ሻጩን ያነጋግሩ» ይላል። ሻጩ ስልክ አያነሣም። መመርመሪያ መሣሪያዬን ሰካሁ፤ የአምራቹን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ባለቤቱ በሰው በሰው አንድ ባለሙያ ቻይና ውስጥ አፈላልጎ፣ በኢንተርኔት ገብቶ እስኪከፍትልን ሦስት ቀን ፈጀ። ሲከፈት የተገኘው ምን መሰላችሁ? ከመቀመጫው ሥር የላላ አንድ የሽቦ ማያያዣ። በጣቴ ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ፤ መኪናዋ ተነሣች።

ባለቤቱ መኪናዋን ሸምቷታል፤ ደረሰኝም አለው። ቁልፉ ግን ሌላ አገር ነው ያለው።

ነጋዴው፦
ያ ርካሽ የመግዛት ጣጣ ነው። ዋስትና ያለው መኪና ቢገዛ ይህ አይደርስበትም ነበር። ደግሞ መንግሥት በጥር 2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል የትኛውን ጉባኤ አስፈቀደ? ቀረጡንስ ያወጣው ማን ነው? ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። በአንድ መመሪያ የተሠራ ሥራ ነው። ኮፐንሀገን ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ቴክኖሎጂ ማዕከል ጥናት ይሰጥሃል፤ እኔ መኪናውን እሰጥሃለሁ።

መካኒኩ፦
ትሸጥልኛለህ።

ባኮ፦
በግብርና ምርምር ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና «ሸመታ» የሚለው ቃል በከንቱ ሲጠራ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገበሬ እህል ሸምቶ ይበላል፤ ከቸገረውም ከሸመተው ላይ ቀንሶ ይዘራል። የሸመቱት ነገር ይበቅላል። መኪና ሸምተህ ብትቀብራት ግን አትበቅልም። ስለዚህ ያንተ ሸመታ አይደለም፤ ግዢ ነው።

ነጋዴው፦
አሁን ደግሞ የሰዋስው መምህር መጣ። እንዲያው ለነገሩ፣ ድቅል በቆሎ ሸምተህ የሰበሰብከውን መልሰህ ብትዘራ ምን ታገኛለህ? ገበሬው በየዓመቱ አይደለም እንዴ የሚገዛው?

ባኮ፦
ወጥመድ የዘረጋህልኝ መስሎህ ነው? ቢኤች 660 የሚባለውን በቆሎ ሰምተሃል? «ቢኤች» ማለት የባኮ ምርምር ማዕከል ድቅል ነው። ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል፤ እውነት ነው። የተዳቀለባቸው ወላጅ ዘሮች ግን ባኮ ናቸው። ዘሩ ባንድ ዓመት ቢበላሽ፣ በሽታ ቢመጣ፣ ወላጆቹን ይዘን እንደገና እናዳቅላለን። ቴክኖሎጂ መቀበል ይህ ነው። የመካኒኩ መኪና ወላጆች የት ናቸው?

ነጋዴው፦
የቢኤች 660 አያቶችስ?

ባኮ፦
ከኬንያ ኪታሌና ከኢኳዶር በመጣ ዘር የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ዘር ከተመራማሪ ወደ ተመራማሪ በፖስታ ይሄድ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው!

ነጋዴው፦
እንግዲያው ከውጭ መጥቷል። አመሰግናለሁ።

ጠበቃ በጡረታ፦
ልጆች፣ አንቀጽ 4(5)ን አንብባችኋል ወይስ በሬዲዮ ነው የሰማችሁት? የበለጸጉት አገሮች «ሊሆን የሚችለውን እርምጃ ሁሉ» ይወስዳሉ ይላል፤ ቀጥሎ «እንደ አግባቡ» የምትል ቃል ጣል ተደርጋለች። ዕድሜዬን በችሎት የፈጀሁ ነኝ፤ «እንደ አግባቡ» የተጻፈበት ግዴታ ተፈጽሞ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ የጸደቀው አጀንዳ 21 የተባለው የልማት ዕቅድም ቴክኖሎጂው በምቹ ሁኔታ ይተላለፍ ካለ በኋላ «በጋራ በሚስማሙበት» ብሎ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ያለው ድርድር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ዙሪያ የሚደረግ እሽክርክሪት ነው።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ትረሳላችሁ። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ደግሞ «አስገቢ ፓተንት» የሚባል ነገር አለው፤ ውጭ ፓተንት የተሰጠበትን፣ እዚህ ያልተመዘገበን ፈጠራ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው ይሰጣል። እነዚያ ባይሰጡ በሕግ መውሰድ የምንችለው ብዙ ነው። ማን ወሰደ?

የጨርቆስ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «እንደ አግባቡ»ን ለእነሱ መከላከያ አደረጉላት። በዚያው ስምምነት አንቀጽ 4(7) ድሃ አገሮች ግዴታቸውን የሚወጡት የበለጸጉት ገንዘቡንና ቴክኖሎጂውን በሰጡት መጠን ነው ይላል። ይህችኛው ላይ «እንደ አግባቡ» የለም።

ጠበቃ በጡረታ፦
አልተከላከልኩላቸውም። ጽሑፉን ነው ያነበብኩልህ። በጽሑፍ የምትከራከር ከሆነ ጽሑፉን ቻለው።

መካኒኩ፦
ጋሼ፣ ፓተንቱማ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሥዕሉ ሳይቀር ኢንተርኔት ላይ አለ። እኔን የያዘኝ ፓተንት አይደለም፤ የይለፍ ቃል ነው። ሥዕሉን አይቼ ባትሪ አልሠራም። እጅ ነው የጎደለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ከሜሪላንድ ሆኜ ስታዘብ ነበር። አንድ የዋህ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ቴክኖሎጂው እኮ የኩባንያዎች ነው። መንግሥት የራሱ ያልሆነውን ነገር እንዴት ይሰጣል? ጎረቤትህ ላም ስላለው ቀበሌው ወተቱን አይሰጥህም።

የጨርቆስ ልጅ፦
ከፓሪስ ስምምነት ሁለት ጊዜ ከወጣች አገር ስለ ላም ሲነገረን ደስ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እኮ የእናንተ ላም ናት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ መርጬ አላስወጣኋትም። ለጥያቄዬ መልስ ስጥ።

ጠበቃ በጡረታ፦
መልስ አለ። በሞንትሪያል ስምምነት የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ ጋዞች ሲታገዱ ከ1991 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከሚሸፍናቸው ወጪዎች መካከል የፓተንትና የፈቃድ ክፍያ አለ። ኩባንያው ላሙን አልተቀማም፤ ወተቱ ተከፈለለት። በአየር ንብረት ድርድር ግን «አእምሯዊ ንብረት» የሚለው ቃል ብቻውን ስብሰባ ይበትናል። ኮፐንሀገን 2009 ላይ ብዙ ተጨቀጨቁበት፤ የፓሪስ ስምምነትን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ቃሉን አታገኙትም።

ነጋዴው፦
ኮፐንሀገን ላይ አፍሪካን የወከሉት የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አልነበሩ? ያን ጊዜም የተያዘው የገንዘቡ ነገር ነው፤ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር። ስለ ፓተንት ማን ጮኸ?

የጨርቆስ ልጅ፦
ከጉባኤው በፊት ፓሪስ ሄደው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከሳርኮዚ ጋር የተስማሙበትንም ንገረን እንጂ። የአፍሪካን ጥያቄ ያረከሰው እሱ ነው ተብሎ ያን ጊዜ ስንት ሰው ተቆጥቶ ነበር።

ባኮ፦
ሰውየውን ተዋቸው። ያን ጊዜ ከአህጉሩ ማን ነበር ከመሪዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መከራከር የሚችል?

የጨርቆስ ልጅ፦
ይኸው ጀመረን።

ነፋስ ስልክ፦
ከዚህ ጠብ ላውጣችሁ። የነፋስ ኃይል መሐንዲስ ነኝ፤ ተርባይን ሲቆም ከማማው ሥር ያለውን በር ከፍታ መሰላል የምትወጣዋ እኔ ነኝ። በአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከሉት 34 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት፣ የቻይናው ኩባንያ የጎልድዊንድ ናቸው። የቻይና ናቸው ትላላችሁ። ንድፉ የጀርመኑ ኩባንያ የቬንሲስ ነው። ጎልድዊንድ መጀመሪያ ከጀርመን ኩባንያዎች የማምረት ፈቃድ ገዛ፤ ቆይቶ በ2008 የቬንሲስን 70 በመቶ ድርሻ ራሱን ገዛው። በዚያ ላይ የቻይና መንግሥት በ2005 የነፋስ ኃይል ጣቢያ መሣሪያ 70 በመቶ አገር ውስጥ ይመረት ብሎ አዘዘ። እስከ 2009 ድረስ ያች ትእዛዝ ሥራዋን ሠርታ ጨረሰች። ለመኑ? አልለመኑም። ሸመቱ? እንደ ነጋዴው አልሸመቱም። ገበያዬን የሚፈልግ ሙያውን ይዞ ይምጣ አሉ።

ነጋዴው፦
እህቴ፣ ዞረሽ ዞረሽ ገዙ ነው ያልሽው። ፈቃድ ገዙ፤ ኩባንያ ገዙ። እኔስ ምን አልኩ?

ነፋስ ስልክ፦
አንተ ያልከው ፓኔል ነው። እነሱ የገዙት ፓኔል የሚሠራውን ሰው ነው። ሺ ዠንግሮንግ ሲድኒ ተምሮ፣ እዚያው ላቦራቶሪ ሠርቶ፣ በ2001 ቻይና ዉሺ ከተማ ሰንቴክ የተባለውን የፀሐይ ፓኔል ኩባንያ ሲያቋቁም የያዘው ዕቃ አልነበረም።

ነጋዴው፦
የቻይና ገበያ የቢሊዮን ሰው ገበያ ነው። እኛ 70 በመቶ እዚህ ይመረት ብንል ሻጩ ይስቅብንና ወደ ኬንያ ይሄዳል። ይልቅ ጥሩ ዜና እያለ ለምን ታማርራላችሁ? ሐዋሳ የፀሐይ ሴል ፋብሪካ ተከፍቶ የለም እንዴ? ቶዮ የሚባለው ኩባንያ በጊጋዋት የሚለካ ሴል እያመረተ ነው። ማን ለመነው?

የጨርቆስ ልጅ፦
ሴሉ የሚሄደው ወደ አሜሪካ ገበያ ነው። አሜሪካ በቬትናምና በጎረቤቶቿ ሴል ላይ ከባድ ቀረጥ ስትጥል ነው ሐዋሳ በካርታ ላይ የታየቻቸው። ቴክኖሎጂው እዚህ ያረፈው ለትራንዚት ነው፤ ቪዛው ሲያልቅ ይነሣል።

ነፋስ ስልክ፦
በዚህ ከአንተ ጋር አልስማማም። ሴል መሥራት ቀልድ አይደለም፤ የኬሚካል መታጠቢያው፣ የምድጃው ሙቀት፣ የብር ማጣበቂያው ሕትመት ሁሉ ሙያ ነው። እዚያ የገቡት ልጆች አምስት ዓመት ቢቆዩ ያን እጅ ይዘው ይወጣሉ። ጥያቄው የሚቆሙበት ቦታ ነው፦ ከማሽኑ ፊት ነው ወይስ ከካርቶኑ ፊት?

ነጋዴው፦
አሁን ገባሽ!

ነፋስ ስልክ፦
አልገባኝም። መልሱን እስካላይ ድረስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የእኔን የላም ጥያቄ በሞንትሪያል አለፋችሁት እንጂ የፀሐይ ኃይልና የማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ አይደሉም። ጋዙን የሚያመርቱት ጥቂት ኩባንያዎች ነበሩ።

ጠበቃ በጡረታ፦
ይህ ቁም ነገር ያለበት መልስ ነው። ነገ እመልስልሃለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።

የእናቴ ምጣድ፦
ሁላችሁም ስለ ጀርመንና ስለ ቻይና። «ምርጥ» የሚባለውን የምጣድ ምድጃ ማን ሠራው? በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየወረዳው የሚሠራ፣ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህሉን የሚያድን ቴክኖሎጂ ነው። ይህን የሚቆጥር ኮሚቴ የለም?

ነጋዴው፦
እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ ተገላገለች።

የእናቴ ምጣድ፦
መብራት ሲጠፋስ እንጀራው ከየት ይመጣል? ከጓንግዡ?

ባኮ፦
ነጋዴው ሆይ፣ አሁንም «ሸመታ» እና «ግዢ» ልዩነታቸው አልገባህም።

ነጋዴው፦
አንተም ከኢኳዶር ገና አልተመለስክም።

መካኒኩ፦
ይቅርታ፣ ጠብ ላቋርጥ። አሁን ሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። ሰሌዳዋ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ የስልኬ ትርጉም «የደስታ ማቀዝቀዣው ተቆጥቷል» ይለኛል። ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ካለ ፎቶውን ልለጥፈው።

ነጋዴው፦
ለጥፈው። ልጄ ቻይንኛ እየተማረች ነው፤ ታነብልሃለች።

የጨርቆስ ልጅ፦
በነፃ ነው ወይስ ይሸመታል?

ነጋዴው፦
ለእሱ በነፃ። ለአንተ ሲሆን እንደ አግባቡ።