ሁለት ንጉሥ ይዤ የቀረበልኝን ውርርድ መቀበል ነበረብኝን?

የተከበራችሁ የጨዋታው አዋቂዎች፣ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ ሲሆን፣ ጎረቤቶቼ ከኮንከር ያለፈ የካርታ ጨዋታ ስለማያውቁ የማማክረው ሰው አጥቼ ይህን እጽፋለሁ።

ማታ በስልኬ ሁለት ተጫዋቾች በግድ የሚያስይዙት መነሻ 2 እና 5 የአሜሪካ ሳንቲም የሆነ የቴክሳስ ሆልደም ፖከር (ለእያንዳንዱ በእጁ ሁለት፣ መሐል ላይ ደግሞ ለሁሉም የጋራ አምስት ካርታ የሚወጣበት ጨዋታ) ስጫወት፣ ሁላችንም 5 ዶላር ገደማ ይዘን ሳለ፣ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝና በ15 ሳንቲም ከፈትኩ፤ የመጨረሻ ተራ ያለው ተጫዋችና የ5 ሳንቲሙን መነሻ የከፈለው ተከተሉኝ። የልብ 10፣ የልብ 9 እና የአበባ 4 ወጡ። 30 ሳንቲም ሳስይዝ የመጨረሻው ተጫዋች ብቻ ቀረ። አራተኛው ካርታ ግን የልብ 8 ሆነ፤ ከዚህ የከፋ ካርታ ይኖራል ብዬ አላምንም። ፈርቼ ሳላስይዝ ባሳልፍ፣ መሐል በተከማቸው 1 ዶላር ከ7 ሳንቲም ላይ 80 ሳንቲም ጨመረበት።

ያደናገረኝ ከንጉሦቼ አንዱ የልብ መሆኑ ነው። ከማላያቸው 46 ካርታዎች 9ኙ ልብ ስለሆኑ አምስተኛው ካርታ ልብ ሆኖ አምስት ልብ (ከጥንድ ንጉሥ የሚበልጥ እጅ) የማገኝበት ዕድል 20 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ውርርዱን ለመቀበል ግን 30 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ያስፈልገኛል፤ የልብ አስ በእጁ ካለም ልቡ ራሱ አያድነኝም። በአንጻሩ የያዘው አንድ 10 ብቻ ከሆነ አሁንም የምመራው እኔ ነኝ። ይህን ሳሰላ ኔትወርኩ ተቋርጦ ጊዜዬ አለቀና ካርታዬ ተጣለ፤ ውሳኔው የእኔ እንኳ አልነበረም።

እናንተ ብትሆኑ ትቀበሉ ነበር? ብትቀበሉስ፣ አምስተኛው ካርታ ልብ ሳይሆን ቀርቶ እንደገና ቢያስይዝ ምን ታደርጋላችሁ? ወይስ ስሕተቴ በአራተኛው ካርታ ሳላስይዝ ማሳለፌ ነው?