ክርክር፦ አፕ ስቶሮች የስልክ ጌምን አሳደጉት ወይስ አበላሹት?

አወያይ፦ የአፕልም የጉግልም የመተግበሪያ መደብር (አፕ ስቶር) የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዛሬ ለስልክ ጌም የሚሠራ ሰው በእነሱ ሳያልፍ ብዙ ተጫዋች ጋር መድረስ ይከብደዋል። ምን ትላላችሁ?

ጌም ሠሪ፦ እኔ አበላሹት ባይ ነኝ። ከትልልቆቹ ሻጮች ለዓመታት 30 በመቶ ሲቆርጡ ኖረዋል። ኤፒክ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ በ2020 ፎርትናይት በሚባለው ጌሙ ውስጥ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ አፕል በዚያው ቀን ጌሙን አወረደው። ኤፒክም አፕልን አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በ2021 ዳኛዋ አብዛኛውን የኤፒክ ክስ ውድቅ ቢያደርጉም፣ ተጫዋቹን ወደ ውጭ መክፈያ መምራት እንዲፈቀድ አዘዙ። በ2025 ደግሞ አፕል ትዕዛዙን ጥሷል ተባለ።

ተጫዋች፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲምም እኮ 30 በመቶ ነው የሚጀምረው። አፕልም ከ2021 ጀምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያገኙ ወደ 15 አውርዶታል። ድሮ ስልክ ላይ ጌም ለማስገባት የቴሌኮም ኩባንያ ደጅ መጥናት ነበር። ፍላፒ በርድ የተባለውን ጌም አንድ ቬትናማዊ ብቻውን ሠርቶ ዓለምን አዳረሰ!

ጌም ሠሪ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔን ከፐርሰንቱ በላይ የሚያንገበግበኝ ጌሙ ራሱ መለወጡ ነው። አፕል በ2009 በነፃ በሚወርድ መተግበሪያ ውስጥ መሸጥ ፈቀደ። ከዚያ ነፃው ጌም በዛ፣ አስቀድሞ ከፍሎ ጌም የሚገዛ አነሰ። አሁን ጥሩ እየተጫወትክ ሳለ «ጉልበትህ አልቋል፤ ጠብቅ ወይም አልማዝ ግዛ» ይልሃል። ያ ሰዓት ቆጣሪ ጨዋታውን ለማሳመር የገባ አይደለም። ትዕግስትህን አስጨርሶ ለማስከፈል ነው።

እናት፦ እኔ ግን መደብር ባይኖር ልጄ ያገኘውን ፋይል ሁሉ ይጭን ነበር። ቢያንስ የሚመረምር አለ።

ጌም ሠሪ፦ እህቴ፣ ምርመራው ጥሩ ነው። ግን ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በገዙት ዕቃ ምክንያት አፕል በ2014 ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል። ጠባቂውም ከሽያጩ ድርሻ አለው።

ተጫዋች፦ ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ይዘጉ?

ጌም ሠሪ፦ ኧረ አይዘጉ! መክፈያውን ክፍት ያድርጉት። ፍለጋውንም ያስተካክሉ። ሰው የጌምህን ስም ጽፎ ሲፈልግ ከላይ የሚመጣለት የተፎካካሪህ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። በስምህ የመጣውን ሰው እንዳታጣ አንተም ለማስታወቂያ ትከፍላለህ። ይሄ መደብሩ ከሚቆርጠው ላይ ተጨማሪ ነው፤ ትንሹ ሠሪ ደግሞ ከየት ያመጣዋል?