አውቶቡስ ውስጥ የሚያስለውን ሰው «ማስክ አድርግ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የእናቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የካንሰር ሕክምና ላይ ነች። ኬሞ ከጀመረች ወዲህ ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል። ሐኪሟ «ጉንፋን እንኳ ቤት ይዛችሁ እንዳትገቡ» ብሎናል። እኔ ደግሞ በቀን ሁለቴ፣ አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ፣ ጢም ባለ አውቶቡስ ነው የምሄደው። ማስክ የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ አፉን ሳይሸፍን ሲያስል፣ ሲያስል፣ በመጨረሻ አላስቻለኝም። «ይቅርታ፣ ማስክ ቢያደርጉ?» አልኩት። «ኮሮና ካለፈ ስንት ጊዜው! የፈራ ቤቱ ይቀመጥ» አለ ጮክ ብሎ። ከኋላ ሳቁ። ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ሌላው ሳያደርግ እኔ ብቻዬን ማድረጌ ይጠቅማል? ሰውን ሳላስቀይም መጠየቅስ ይቻላል? የማደርገው ያው ሰማያዊውን ነው።

ነርሷ

እናትሽን ይማርልሽ። ብቻሽን ማድረግሽ ይጠቅማል፤ ማስኩን ግን ቀይሪ። ሰማያዊው በዋናነት የተሠራው ያደረገው ሰው ፍንጣሪ ሌላው ላይ እንዳይደርስ ነው። ጉንጭሽና ማስኩ መካከል ክፍተት አለ፤ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ነው፣ ቀዳዳ አያጣም። ሌላው ሰው በማያደርግበት ቦታ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው፣ ፊት ላይ ልክክ ብሎ አየሩን የሚያጣራው ማስክ ያስፈልግሻል። ኤን95 ለማጣራት እጅግ ከሚያስቸግሩት፣ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ከሆኑት ቅንጣቶች ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል። ኤፍኤፍፒ2 ደግሞ ቢያንስ 94 በመቶ ነው። በቁጥሩ አትጨነቂ፣ ፊትሽ ላይ ልክክ የሚለውን ውሰጂ።

ልክክ ማለቱን ለማወቅ አፍንጫ ላይ ያለችውን ሽቦ በሁለት እጅሽ ተጫኛትና በኃይል ተንፍሺ። ዓይንሽ አካባቢ ነፋስ ከተሰማሽ ወይም መነጽርሽን ጉም ከሸፈነው አየር ያስተላልፋል ማለት ነው። ከጆሮ ከሚንጠለጠለው ይልቅ በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰረው ይሻላል። ደግሞ እንዳታጥቢው! ውስጡ ያለው ንብርብር ቅንጣት የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙላቱ ጭምር ነው፤ ሳሙናና አልኮል ያበላሹታል። ፊት ለፊቱ ቫልቭ (የትንፋሽ ማስወጫ ክዳን) ያለው አንቺን ይጠብቅሻል፣ ትንፋሽሽን ግን ሳያጣራ ነው የሚያስወጣው። ስለዚህ እናትሽ ዘንድ ስትገቢ እሱን አታድርጊ።

መስኮት ዳር

መስኮት! ከተቻለ ሁለት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የሰው ትንፋሽ አየር ላይ እንደ ሲጋራ ጭስ ነው፤ ካልወጣ እዚያው ይዞራል። «መስኮት ይከፈት» ማለት ከማስኩ የባሰ ጠብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እኔ ቀድሜ ገብቼ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ማንንም አላስፈቅድም።

የድሮ ሾፌር

ልጄ፣ በኮሮና ምክንያት ማስክ ግዴታ በነበረ ጊዜ አውቶቡስ እነዳ ነበር። በሩ ላይ ሁሉም ያደርጋል። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ግማሹ አገጩ ላይ አንጠልጥሎታል። በድምፅ ማጉያ ብጮህ የሚሰማኝ የለም። በር አጠገብ አንድ ካርቶን ማስክ ሳስቀምጥ ግን ሰው ሳይናገሩት ያነሳ ነበር። አብዛኛው ሰው እምቢተኛ አይደለም፤ ረስቷል፣ ወይ አልቆበታል።

ሰውዬውን የነገርሽው ሰው እየሰማ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ክብሩን ነው የሚከላከለው፣ ሳሉን ይረሳዋል። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና የራስሽን ጉዳይ ንገሪው። «እናቴ ኬሞ ላይ ነች፣ ይዤባት እንዳልገባ ብዬ ነው፤ ትርፍ አለኝ» በይ። የታሸገውን ያዢ፣ የተከፈተ ማንም አይቀበልሽም። እምቢ ካለ ተነሥተሽ ቦታ ቀይሪ። ክርክር አትግጠሚ፤ አፍ ለአፍ ገጥሞ መጨቃጨቁ ራሱ ትንፋሽ መቀባበል ነው።

ቆጣሪው

ሾፌሩ አባታችን ያሉት በጥናትም ታይቷል። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ 600 መንደሮችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ማስክ በነፃ ቤት ለቤት ሲታደል፣ ያላደረገ ሰው በትሕትና ሲታወስ፣ የተከበሩ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው አድርገው ሲታዩ፣ አድራጊው ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 42 በመቶ ከፍ አለ። የስልክ መልእክት መላኩ ግን ምንም አልጨመረም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ያ ሁሉ ተደክሞም ከግማሽ በላይ የሚሆነው አላደረገም። ስለዚህ ነርሷ የነገረችሽን አስቀድሚ።

ሰለቸኝ

እኔ ከማያደርጉት ወገን ነኝ፣ እውነቱን ልናገር። በግዴታው ጊዜ ሳላጓድል አድርጌያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አውጇል። አሁን አጠገቤ ማስክ ያደረገ ሲቀመጥ «አንተን ነው የምሸሸው» ያለኝ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። እንደዚያ ብትጠይቂኝ እኔም ሳልቆጣ አልቀርም ነበር። የእናትሽን ነገር ብትነግሪኝ ግን አደርገው ነበር። የሳቁት ግን ነውረኞች ናቸው።

ነርሷ

@ሰለቸኝ፦ ያበቃው አስቸኳይ ሁኔታው ነው እንጂ ቫይረሱ አይደለም። ደግሞ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ኢንፍሉዌንዛም ቀላል አይደለም።

ከንፈር አንባቢ

ጆሮዬ ይከብዳል፣ የሰው ከንፈር እያየሁ ነው የምግባባው። ማስክ ያደረገ ሰው ሲያናግረኝ ምንም አይገባኝም፣ ዝም ስል ደግሞ እንደ ንቀት ይቆጠርብኛል። ስለዚህ መልስ ያልሰጠሽን ሁሉ እምቢ አለ አትበዪ። ማስኩን ከፍ አድርገሽ አሳዪው፣ በእጅሽ አመልክቺ። ትንፋሽ እያጠረው ማድረግ ያቃተውም አለ፤ ሕመሙ ከውጭ አይታይም።

የእናቷ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ አንዲት የሚያስሉ እናትን አባባ እንዳሉት ዝቅ ብዬ ጠየቅኳቸው። ማስኩን ተቀብለው «ስሟ ማን ነው፣ ልጸልይላት» አሉኝ። ያ ሰውዬ ደግሞ ዛሬም ነበር፣ ዛሬም ያስላል። ምንም ሳልል ወደ ኋላ ሄድኩ። ኤን95ቱን ገዝቻለሁ፣ አፍንጫዬን ግን ላጠው። አንዱን ስንት ቀን ላድርገው?

ነርሷ

ካልራሰ፣ ካልቆሸሸና ላስቲኩ ካልላላ ደጋግመሽ ማድረግ ትችያለሽ፤ አምስት ጊዜ ያህል ካደረግሽው በኋላ ቀይሪው። በወረቀት ከረጢት አስቀምጪው። ፌስታል እርጥበቱን ያፍነዋል። አፍንጫሽን ከላጠሽ ሌላ ቅርጽ ሞክሪ፣ ሽቦዋንም በአንድ እጅ አትቆንጥጫት።