ለማስተሪንግ የትኛው ሊሚተር ይሻላል? ከነጻው እስከ ውዱ

ይህ ጥቆማ ቤቱ ውስጥ ወይም በትንሽ ስቱዲዮ ዘፈን እያቀናበረ፣ ሚክሱንም ማስተሩንም ራሱ ጨርሶ በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ለሚለቅ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ሊሚተር በማስተሪንግ፣ ማለትም ሚክሱ ካለቀ በኋላ በሚደረገው የመጨረሻ ማስተካከያ፣ የድምፁን ጫፎች ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፉ እየቀነሰ ዘፈኑን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ውሳኔዬን አስቀድሜ ልናገር። ገንዘብ ለማውጣት ገና ያልተዘጋጀ ሰው ሉድማክስን ያውርድ፤ አንድ ሊሚተር ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ፋብፊልተር ፕሮ-ኤል 2ን ይግዛ፤ ዌቭስ ኤል 2 ወይም የኦዞን ማክሲማይዘር በእጁ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ ከመፈለጉ በፊት በያዘው ይሥራ። ሊሚተሩ የሚቀንሰው ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ብቻ ከሆነ በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚሰማው ስድስትና ሰባት ዴሲቤል እንዲቀንሱ ሲገደዱ ነው፤ ያን ያህል መገፋት ያስፈለገው ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ያለው ሚክሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ድምፅ ከፍታ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምርጫው የሚወሰነው በዚሁ ነውና። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ (የዘፈን አማካይ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በላይ የሆነን ሥራ ሲያጫውት ወደዚያው ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ በታች የሆነውን ግን ከፍ አያደርገውም። ስፖቲፋይም በተለመደው አሠራሩ -14 ሉፍስን ይከተላል፣ አፕል ሙዚክ ደግሞ ሳውንድ ቼክ የተባለው የድምፅ ማመጣጠኛው ሲበራ ወደ -16 ገደማ ያወርደዋል። ስለዚህ በ-7 ሉፍስ የተጨፈለቀ ማስተር ዩቲዩብ ላይ ሲደርስ ሰባት ዴሲቤል ይወርድና ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ይሰማል፤ የሚቀርለት የተጨፈለቀው ቅርጹ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉንም ሥራ በ-14 መጨረስ ይገባል ማለት አይደለም። በቴሌግራም የተላከ ፋይል፣ በፍላሽ ተገልብጦ ታክሲ ውስጥ የሚከፈት ዘፈን፣ ዲጄው በሠርግ አዳራሽ የሚያጫውተው ሥራ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አያገኝም፤ በዚያ ቦታ ዝቅ ያለ ማስተር ከጎረቤቱ ዘፈን አንሶ ይሰማል። እኔ ለጭፈራ ዘፈን ከ-9 እስከ -11፣ ለትዝታና ለዝግታ ዜማዎች -12 ወይም -13፣ ለበገና መዝሙር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ዩሊን ላውድነስ ሜትር የተባለው መለኪያ ነጻ እትሙ ለዚህ ሥራ በቂ ስለሆነ፣ የትኛውንም ሊሚተር ቢመርጡ ከኋላው ያስቀምጡት።

ሊሚተሮችን ሲያወዳድሩ አንድ ደንብ ፈጽሞ አይጣስ፦ ድምፃቸው እኩል መሆን አለበት። ጆሮ ከሁለት ድምፆች አንዱ ግማሽ ዴሲቤል እንኳ ከፍ ካለ እርሱን «የተሻለ» ይለዋል፣ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። የዘፈኑን ከፍተኛውን ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን አዝማች፣ ተቀባዮችና ጭብጨባ የገቡበትን ቦታ መርጠው እየደጋገመ እንዲጫወት ያድርጉ። እያንዳንዱን ሊሚተር በተመሳሳይ ሉፍስ ያስተካክሉ፣ ከዚያም ከሊሚተሩ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርገው ካልተነካው ሚክስ ጋር እኩል ያምጡት። አሁን ያዳምጡ፤ ከበሮው ወደ ኋላ ሸሸ? ዘፋኙ ድምፁን ባወጣበት ቦታ ሻካራ ነገር ተሰማ? ማሲንቆው እንደ ርካሽ ስፒከር ጮኸ? እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም የማስታወቂያ ገለጻ የበለጠ ይነግሩዎታል።

ሉድማክስ ሁለት ተንሸራታች ብቻ ያለው ነጻ ፕለጊን (በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ የሚጨመር መሣሪያ) ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ትሬሾልዱን (ሊሚተሩ መቀነስ የሚጀምርበትን ደረጃ) ዝቅ ሲያደርጉ ድምፁ ከፍ ይላል፣ አውትፑት የሚለው ደግሞ ድምፁ የማያልፈውን ጣሪያ ይወስናል። በሳምፕሎች (ዲጂታል ድምፅ በተመዘገበባቸው ነጥቦች) መካከል የሚፈጠረውን ጫፍ የሚያይበት ማብሪያም ስላለው ይብራ። ሪሊዝ (ሊሚተሩ ድምፁን ቀንሶ ወደ ነበረበት የሚመልስበትን ጊዜ) የሚያስተካክሉበት ቦታ የለውም፣ እርሱ ራሱ ይወስናል። ይህ ለጀማሪ ጥቅም ነው እላለሁ፣ ሊያበላሹት የሚችሉት ነገር ጥቂት ነውና። እስከ አራት ዴሲቤል ቅነሳ ድረስ ውድ ከሆኑት ጋር ተቀምጦ የማያሳፍር መሣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ግን ቤዙ ይታፈናል።

ሌላ ነገር ከማውረድዎ በፊት የሚሠሩበት ሶፍትዌር ራሱ ውስጥ ያለውን ይመልከቱ። የኪውቤዝ ብሪክዎል ሊሚተርና የሎጂክ አዳፕቲቭ ሊሚተር በሳምፕሎች መካከል ያለውን ጫፍ የሚያይ ማብሪያ ስላላቸው ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። የኤፍ ኤል ስቱዲዮ ተጠቃሚዎች ግን አንድ ነገር ያስተውሉ፦ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ማስተሩ ላይ ፍሩቲ ሊሚተር ቀድሞ ተጭኖ ሊገኝ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሳያዩ ሙሉውን ቢት በእርሱ ሥር ይሠራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ሊሚተር ይደርቡበታል፣ ከዚያም «ማስተሩ ለምን ታፈነ?» ይላሉ። ማስተሪንግ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ሥራ እርሱን ማጥፋት ነው፤ ሲጠፋ ሚክሱ ቀይ ከነካ ማስተሩ ላይ ሳይሆን ቻናሎቹ ላይ ዝቅ ያድርጉ።

ዌቭስ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤል 1ን ካወጣ ጀምሮ የሊሚተር ስም ከኩባንያው ጋር ተሳስሮ ቆይቷል፤ ኤል 2ም በከተማችን ስቱዲዮዎች ከማንኛውም በላይ የሚታወቅ ይመስለኛል። ኤአርሲ የተባለው ራሱን የሚያስተካክል ሪሊዝ እስከ ዛሬ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሳምፕሎች መካከል የሚፈጠረውን ጫፍ ስለማያይ ጣሪያውን -0.1 ላይ የሚተው ሰው ኤምፒ3 ወይም ኤኤሲ ሲሆን የሚሰነጠቅ ፋይል ይለቃል። በኤል 2 የሚሠሩ ከሆነ ጣሪያውን -1 ወይም ከዚያ በታች ያድርጉና መለኪያው ላይ ያረጋግጡ። ዛሬ ከባዶ ለሚጀምር ሰው ግን ኤል 2ን ግዛ አልለውም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሽያጩን አቁሞ ሁሉንም በየጊዜው በሚታደስ የደንበኝነት ክፍያ ብቻ እንደሚያደርግ አስታውቆ፣ ከተጠቃሚዎች ተቃውሞ በኋላ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን መለወጡም የሚረሳ አይደለም።

ፕሮ-ኤል 2ን ከሁሉ በላይ ያስቀመጥሁት ድምፁ ከሌሎቹ በተለየ «ጣፋጭ» ስለሆነ አይደለም። የሚያደርገውን ስለሚያሳይ ነው። ምን ያህል ዴሲቤል እየቀነሰ እንደሆነ በሞገዱ ላይ በመስመር ይስላል፣ ሉፍሱን እዚያው ይለካል፣ ድምፁን ከመጀመሪያው ጋር እኩል አድርጎ የሚያሰማ ቁልፍ አለው፣ የተቀነሰውን ነገር ብቻ ነጥሎ የሚያሰማ ሌላም ቁልፍ አለው። ይህን የመጨረሻውን በደንብ ይጠቀሙበት፤ ሲጫኑት የከበሮ ምት ጫፍ ብቻ «ጠቅ ጠቅ» ካለ ሥራው ደህና ነው፣ የዘፋኙ ቃል ተለይቶ ከተሰማ ግን ሊሚተሩ መንካት የሌለበትን እየነካ ነው። ስምንት የአሠራር ዓይነቶች አሉት። ለዘመናዊ ዘፈን ሞደርን የሚለው፣ ቀጥታ ለተቀረጸ የባንድ ሥራ ትራንስፓረንት የሚለው ጥሩ መነሻ ነው፤ አግረሲቭን ለቤት ውስጥ ቢት እንጂ ለማሲንቆና ለክራር አልመክርም። ሉክአሄዱ (ሊሚተሩ ጫፉን ቀድሞ የሚያይበት ጊዜ) የሚወስነው የመጀመሪያውንና ፈጣኑን ደረጃ ሲሆን፣ አታክ (መቀነስ የሚጀምርበት ፍጥነት) እና ሪሊዝ የሚባሉት የሚገዙት ሁለተኛውን፣ ዝግ ያለውን ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ሪሊዙን እያዞረ ለውጥ አጣሁ ሲል ይገኛል። ኦቨርሳምፕሊንጉን (ድምፁን በበዙ ነጥቦች ማስላቱን) በአራት እጥፍ ማቆየት ይበቃል፣ 32 እጥፍ ማድረግ ኮምፒውተሩን ከማድከም የዘለለ ጥቅም አላገኘሁበትም።

የአይዞቶፕ ኦዞን ማክሲማይዘር ከኢኪውና ከሌሎች የማስተሪንግ መሣሪያዎች ጋር በአንድ መስኮት ስለሚመጣ፣ ሙሉ ሰንሰለት ለሚፈልግ ሰው ምክንያታዊ ግዢ ነው፤ ኤለመንትስ የተባለው ዝቅተኛ እትምም ማክሲማይዘሩን ይዟል። አይአርሲ 4 የሚባለው አሠራር ድምፁን ከፋፍሎ ስለሚቀንስ ሲገፉት የመቻል አቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ ኮምፒውተርን ግን በእጅጉ ይጫናል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይንተባተባል። ሊሚተር ኖ6 የተባለው ነጻ ፕለጊንም መጠቀስ አለበት። በውስጡ ኮምፕረሰር፣ ክሊፐር (ጫፉን በቀጥታ የሚቆርጥ) እና ሌሎች ደረጃዎች ስላሉት በእጁ ልምድ ላለው ሰው ከዋጋው በላይ ይሰጣል፣ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ከምርጫው ይልቅ አጠቃቀሙ የሚበልጥበት ቦታ ሪሊዝ ነው፣ በእኛ ሙዚቃ ደግሞ በተለይ። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድን የችክችካ ዘፈን ይውሰዱ። ከአንዱ ዋና ምት እስከ ቀጣዩ 500 ሚሊሰከንድ ነው፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ስለሚከፈል ከአንዱ ንዑስ ምት እስከ ሌላው 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቀራል። ሪሊዙ ከዚህ በጣም ከረዘመ ከበሮው በመታ ቁጥር ዘፋኙም አብሮ ዝቅ ይላል፣ ሳይመለስም ቀጣዩ ምት ይደርስበታል፤ ጆሮ ይህን የሚሰማው «ዘፈኑ አይጨፍርም» በሚል ነው። በጣም ካጠረ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የ50 ኸርዝ ቤዝ አንድ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ የሚመለስ ሊሚተር የሞገዱን ቅርጽ ራሱን ተከትሎ ያጣምመዋል፣ ያ ደግሞ ዲስቶርሽን ነው። ስለዚህ ከ80 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ባለው መካከል ጀምረው በጆሮ ያስተካክሉ። የከበሮው ጫፍ ብቻውን ሊሚተሩን የሚያስጨንቀው ከሆነ ማስተሩ ላይ አይታገሉ፤ ወደ ሚክሱ ተመልሰው የከበሮው ቻናል ላይ በክሊፐር ሁለት ሦስት ዴሲቤል ይቁረጡ። ያን ጊዜ ማስተሩ ሳይጎዳ ከፍ ይላል።

በገና ሌላ ጉዳይ ነው። የሚነዝረው ድምፁ ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል ከሚገባው ቆዳ ስለሚመጣ፣ የፈጣን ሊሚተር ሻካራነት ከዚያ ንዝረት ጋር ተቀላቅሎ የመሣሪያው ይሁን የፕለጊኑ መለየት ያዳግታል። እዚህ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ዴሲቤል በላይ አይቀንሱ፣ ሪሊዙንም ያስረዝሙ።

የጣሪያውን ነገር በአጭሩ፦ ትሩ ፒኩን (በሳምፕሎች መካከል ያለውን ጫፍ የሚያየውን ማብሪያ) አብርተው -1 ላይ ያድርጉት። ከ-14 ሉፍስ በላይ ለሚሆን ማስተር ስፖቲፋይ -2ን ይመክራል፤ ምክንያቱም ኤምፒ3ና መሰሎቹ ሲጨምቁ ጫፎቹን መልሰው ከፍ ያደርጋሉ። ወደ 16 ቢት የሚወርዱ ከሆነ ዲዘሩ (ቢት ሲቀንስ የሚጨመረው እጅግ ዝቅ ያለ ጫጫታ) ከሊሚተሩ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመር።

ስለ ክፍያው ለሚጠይቁ፦ ከአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አሁንም አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው ውጭ ያለ ወንድም ወይም ዘመድ እንዲከፍልለት ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ፈቃዱ በእናንተ ስምና ኢሜይል መመዝገቡን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በዘመድ አካውንት የተገዛ ፕለጊን ኮምፒውተር ሲቀየር ጣጣ ነው። ፋብፊልተር ያለ ዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የፈቃድ መሣሪያ) በጽሑፍ ቁልፍ ብቻ ይከፈታል፣ ስለዚህ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀንም ይሠራል፤ ለኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊትም 30 ቀን ያህል ሙሉውን መሞከር ይቻላል። ክራክ በፍላሽ የሚዞርበት ምክንያት ይገባኛል፣ ነገር ግን ነጻው ሉድማክስ እያለ ለአንድ ሊሚተር ሲባል የደንበኛ ሥራ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ለቫይረስ ማጋለጥ ሒሳቡ አይመጣም።

ፕለጊን ከመግዛት ይልቅ ለሰው መክፈልም አማራጭ ነው። አልበም ከሆነ፣ በተለይም ዘፈኖቹ በተለያዩ ስቱዲዮዎች የተሠሩ ከሆነ፣ የፕለጊኑን ዋጋ ለሁለተኛ ጆሮ መክፈል ይሻላል። ላንደርን የመሰሉ ራሳቸው ማስተር የሚያደርጉ አገልግሎቶች ለማሳያ ቅጂ ይረባሉ፤ «ድምፃዊቷ በከበሮው ተውጣለች» ብለው ግን ሚክሱን አይመልሱላችሁም፣ ሰው ይመልሳል። ለማስተሪንግ ባለሙያ ስትልኩ ማስተሩ ላይ ያለውን ሊሚተር አጥፍታችሁ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ሦስት ወይም ስድስት ዴሲቤል ቀርቶት፣ በ24 ቢት ዌቭ (WAV) ፋይል ላኩ። ሊሚተር ያለበትን ቅጂም ለብቻው በሌላ ስም አብራችሁ ላኩ፤ ዘፋኙ እስከዚያ ሲሰማ የቆየው እርሱን ስለሆነ ባለሙያው ምን እንደተለመደ ማወቅ ይፈልጋል።