ዌበርን የት ላስቀምጠው? ሶሺዮሎጂ የገባችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሶሺዮሎጂ መግቢያ ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ኅብረተሰብን የምናይባቸው ሦስቱ ዋና ዋና አመለካከቶችና የጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት የማክስ ዌበር ቦታ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

መሠረቱስ ገብቶኛል። ፈንክሽናሊዝም የፈረንሳዊውን ሶሺዮሎጂስት የዱርኬምን መንገድ ይዞ፣ አንድ ተቋም ለኅብረተሰቡ መረጋጋት ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል። ከማርክስ የሚነሳው የግጭት ንድፈ ሐሳብ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ ይላል። ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ቀለል ይለኛል፤ ሰዎች ሲገናኙ ለነገሮች የሚሰጡትን ትርጉም ያያል። ሐሳቡ ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ከሚድ፣ ስሙ ደግሞ ከሶሺዮሎጂስቱ ከብሉመር ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ.።

የምደናገረው ትምህርት ቤትን ልተነትን ስል ነው። ፈንክሽናሊስቶች ተማሪን በችሎታው ለይቶ ለሥራ ያዘጋጃል ይላሉ። የግጭት ወገኖችም ይለያል ባይ ናቸው፤ ግን የሀብታሙን ልጅ ከፍ፣ የድሃውን ዝቅ እያደረገ። ታዲያ ሁለቱም ያዩት ያንኑ መለየት አይደል? ፈንክሽናሊስቱ መርተን ጎጂ ውጤትም አለ ብሎ ዲስፈንክሽንን ሲጨምርበትማ ጭራሽ ዞረብኝ።

ዌበርስ? ከመደብ ሌላ ማኅበራዊ ክብርና ፓርቲም የኃይል ምንጭ ናቸው ስላለ ከግጭት ጎራ ይመድቡታል። ድርጊትን፣ አድራጊው ከሚሰጠው ትርጉም ተነስተን እንረዳው ያለውም እሱ ነው። ወደ ሦስተኛው አይጠጋም?

ፈተና ላይ አንድ ጉዳይ ሰጥተው "በሦስቱም ተንትን" ቢሉኝ፣ መልሶቼ እንዳይደራረቡ ከየት ልጀምር? ትርጓሜ አትጻፉልኝ፣ እሱ አለኝ። አንድ ምሳሌ ወስዳችሁ አሠራሩን ብታሳዩኝ ይበቃኛል።